ተጋጣሚዎን በመጠበቅ ላይ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የስልኬ ዳማ ቀጥ አለ። ቆርኪዬን ልገፋው ብነካው ብነካው አልሄድ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ «ችግሩ የእኛ ነው። ተጋጣሚዎ አልሄዱም።» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የራሴን ጽሑፍ ደንበኛ ሆኜ ሳነበው ግን አላመንኩትምና ስድስት ዓመት ወደሠራሁበት መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ አታውቀኝም። እኔ ከወጣሁ በኋላ የተቀጠረች ናት።

«አባባ፣ አሁን ይመለሳል» አለችኝ።

«አሁን ስትዪ?»

«አሁን… አሁን ነዋ።»

«ልጄ፣ መቼ እንደሚመለስ አታውቂም። እሱን ተዪው። አንቺ መቼ ትደውዪልኛለሽ?»

«እኔ? ደውዬ ምን ልበል?»

«ገና ነው ብለሽ።»

«ገና ከሆነ ለምን እደውላለሁ? ግራ አጋቡኝ አባባ።»

«እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» አልኳትና አሥር ሰዓት ላይ እንድትደውል ቃል አስገብቼ ዘጋሁ።

እውነቴን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ደሞዝ የበላሁት ግራ ለገባቸው ሰዎች፣ እኔም ግራ ገብቶኝ፣ መልስ እየሰጠሁ ነው። ከዚያ በፊት ጫማ ሻጭ ነበርኩ።

ሱቄ ተክለ ሃይማኖት ነበር፣ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚያወርደው መንገድ። ትምህርቴ እዚያው ነው፤ ከትምህርት ቤት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። ከሱቅ የተማርኳቸው ሁለት ነገሮች ሠላሳ ዓመት አኑረውኛል። አንደኛው፣ ደንበኛ የጠየቀው ቁጥር ባይኖርህም «የለም» አትበል። «አለ፣ ቁጭ ይበሉ» በልና ከጎረቤት ሱቅ አስመጣ። ሁለተኛው፣ ጥፋቱን በዕቃው ላይ አታድርግ። ጫማው ጠበበኝ ላለኝ ሰው «እግርዎ አብጦ ነው። ከሰዓት የተለካ እግር አይታመንም፤ ጠዋት ይሞክሩት» እለዋለሁ። ሰውየው እግሩን እየተጠራጠረ ይሄዳል። ጫማው በክብሩ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል።

ከሱቁ በረንዳ ላይ ዳማ ነበር። የዳማው ሰሌዳ የአሮጌ ማስታወቂያዬ ጀርባ ነው፤ ገልበጥ ብታደርገው «የወንድና የሴት ጫማ» ይላል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዎች ብዙ ዘመን ተቀምጠዋል። አንደኛው ጋሽ መኩሪያ ናቸው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩ። የተቃጠለ አምፖል እንኳ ሳይመዘግቡ አይጥሉም። ሁለተኛው ሐጂ ሰዒድ ናቸው፣ ከወሎ በልጅነታቸው የመጡ ልብስ ሰፊ። መኩሪያ ቆርኪውን በፊቱ፣ ሐጂ በጀርባው ይደረድራሉ፤ ይህ ተለውጦ አያውቅም።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ሐጂ የካ አባዶ፣ ጋሽ መኩሪያ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዕቃ በሚጫንበት ቀን ሐጂ ሰሌዳውን አንስተው የራሳቸው አይሱዙ ላይ አደረጉት። «የማንን ዕቃ ነው የምትጭነው?» አሉ መኩሪያ። «የማንንም አይደለም፣ የበረንዳው ነው» አሉ ሐጂ። «በረንዳው ፈረሰ አይደል?» «እንግዲያ ቀድሞ ላነሳው ነው!» በዚህ ተለያዩ። ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ሰሌዳው የእኔ መሆኑን ለማስታወስ የሞከርኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለቱም በአንድነት ተቆጡኝ።

እኔም ያለ ሱቅ ቀረሁ። በዚያ ጊዜ ነው ብሩክ ያገኘኝ። ብሩክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቶ ሰዎች በያሉበት ሆነው በስልክ የሚጫወቱት ዳማ ሠርቷል።

«ጋሽ ከድር፣ ሰው አንድ ጊዜ ይጫወትና አይመለስም። ምን እንደጎደለው ጠፋን» አለኝ።

ተጫወትኩት። እንደ ፈተና ክፍል ጭጭ ያለ ዳማ ነው። ሰው ሲዘገይ «እባክዎ ፈጠን ይበሉ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አለው።

«ይኼን ለባንክ ሰልፍ አስቀምጠው» አልኩት። «ዳማ ያለ ለከፋ ይበላል እንዴ?»

የተቀጠርኩት ተጫዋቾች እየመረጡ የሚላላኩትን ለከፋ እንድጽፍ ነው። የውሉ ወረቀት ላይ «የደንበኞች ግንኙነት ባለሙያ» ይላል፤ ደሞዙ ከጫማው ያንሳል፣ ግን ወር ሲደርስ ሳይከራከር ይመጣል። ለከፋ መጻፍ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ለእኩያ «ቆርኪው ከበደህ እንዴ?» ይበቃል። «አንተ እስክታስብ ልጄን ልዳር?» የሚለው በጣም ተወደደ። ለሽማግሌ ግን አንቱ እያልክ ነው የምትለክፈው፤ «ጋሼ፣ ምሳ ቀርቦልዎታል፣ በልተው ይምጡ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ዓይነት። አክብሮቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ያንገበግባል። ዳማው ድምፅ አገኘ፣ ሰውም መጣ።

ከመጡት መካከል ጋሽ መኩሪያና ሐጂ አሉበት። በየቤታቸው ሄጄ ስልካቸው ላይ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ሳልነግር አገናኘኋቸው። ሐጂ በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ደውለው «ይሄ ሰውዬ ቆርኪ አገፋፉ መኩሪያን ይመስላል፣ አላህ ይማረው!» አሉኝ። ከዚያ ማንነታቸውን ተዋወቁና በየቀኑ ሆነ። በስልክ መደዋወል ግን የለም፤ ቀድሞ የሚደውል እንደተሸነፈ ይቆጠራል መሰለኝ። ንግግራቸው ሁሉ በዳማው ውስጥ በሚላላኩት ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስልክ የማንሳቱን ሥራ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እትዬ አስካለ አውቶቡስ ተራ በድምፅ ማጉያ ስለዘገየ አውቶቡስ ሲናገሩ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ጡረታ ወጥተው ቤት መቀመጥ አልቻሉምና ብሩክ ስልክ እንዲያነሱ ቀጠራቸው። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ ይነሳሉ። ቆመው ነው የሚያነጋግሩት። «የተቀመጠ ሰው ድምፁም ይቀመጣል» ይላሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ወረቀት አለ፤ አንዱ ላይ «የማውቀው»፣ ሌላው ላይ «የማላውቀው» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ሞልቶ ወደ ጀርባው ይገለበጣል። «አሁን» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

«አውቶቡሱ መቼ እንደሚመጣ ሹፌሩም አያውቅ» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ ግን መቼ ተመልሼ እንደምናገር አውቃለሁ። 'በየግማሽ ሰዓቱ እመጣለሁ' እላቸዋለሁ፤ እመጣለሁ። ምንም ባይኖር፣ ምንም የለም ልል እመጣለሁ። ሰው አውቶቡስ ቢያጣ እንኳ እኔን አያጣም።»

«የተናደደውንስ?»

«እሱንማ 'ይረጋጉ' ብለህ ሞክረው፣ ማይኩን ያስጎርስሃል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማን ይጠብቅዎታል? የሰው ጭንቀቱ አውቶቡሱ አይደለም ከድር፣ ወዲያ ማዶ የቆመው ሰው ነው።»

ጥሩ ነገር ነው ብዬ ሰማሁ። ማስታወሻዬ ላይም ጻፍኩት። ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጨዋታው በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ባንድ ጊዜ ቆመ። እትዬ አስካለ ለቅሶ ሄደዋል። ስልኩ ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ብሩክና ሁለት ባልደረቦቹ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተዋል። አንደኛው «ሰርቨሩ ነው» ይላል፤ አንደኛው «ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ከሱ ጀርባ ነው» ይላል። ከጀርባው ምን እንዳለ ብጠይቅ ማንም አልመለሰልኝም። ሰርቨር የሚሉት ራሱ እኛ ቢሮ የለም፤ ባሕር ማዶ ነው አሉኝ። ባሕር ማዶ ያለ ነገር ልደታ ተቀምጦ እንዴት እንደሚጠገን ዛሬም አልገባኝም።

«ብሩክ፣ ሰዉን ምን ልበለው?»

«ለጊዜው ምንም አትበል ጋሽ ከድር። እያየነው ነው።»

«ምኑን ነው የምታዩት?»

«ምኑን እንደሆነ ነው እያየን ያለነው።»

የክፋቱ ክፋት፣ ጨዋታው ሲቆም «ተበላሽቷል» አይልም ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ተጋጣሚዎን በመጠበቅ ላይ» የሚል ነው። በሁለቱም ወገን። እያንዳንዱ ሰው የሚያየው ሌላው ሰው ጥሎት እንደሄደ ነው።

የመጀመሪያዋ ደዋይ አብነት ሰፈር ጸጉር ቤት ያላት ሴት ናት። «ባሌን ልበላው ስል አጠፋው! ሆን ብሎ ነው አይደል?» አለችኝ። ተበላሽቶብናል ለማለት አፌን ከፈትኩ። ያፌ ልማድ ግን ቀደመኝ። «ከእኛ በኩል ምንም የለም እህቴ። ወጣ ብሎ ይሆናል» አልኳት። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው ብዬ ነው፤ ከጎረቤት ሱቅ ጫማው እስኪመጣ እንደሚባለው። አንዴ ካሉት በኋላ ሁለተኛው ቀለለኝ፣ ሦስተኛውን ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። ደንበኛውን ሁሉ እግርህ አብጦ ነው ስል አረፈድኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ መኩሪያ ደወሉ።

«ከድር! ይሄ ሰውዬ የት ገባ? ሁለት ሰዓት ሙሉ በመጠበቅ ላይ፣ በመጠበቅ ላይ ይለኛል!»

«ከእኛ በኩል ደህና ነው ጋሼ። ሐጂ ዘግይተው ይሆናል።»

«ዘግይቶ ነው ሸሽቶ?»

«እሱን እንግዲህ እሳቸው ያውቃሉ» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ገባኝ» አሉና ዘጉ።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «መኩሪያ ጠፋብኝ። ጨዋታው ተበላሽቶ ይሆን እንዴ ከድር?»

ተመልከቱ፣ መልሱን ራሳቸው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ጨዋታው ደህና ነው ሐጂ። ጋሼ ወጣ ብለው ነው የሚሆነው፤ ትንሽ ይታገሱ፣ አሁን ይመለሳሉ።»

«እሺ» አሉ። «ኢንሻአላህ።»

ያን ጊዜ ያላወቅሁት፣ በኋላ ከሁለቱም የሰማሁት ይህን ነው። ሐጂ ቤታቸውን ዘግተው ሰኞ ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊሄዱ ነበር። ይህንኑ በዳማው መልእክት ለመኩሪያ ጽፈውላቸዋል። መኩሪያም መልሰዋል፤ ቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታ እንጫወት፣ የተሸነፈ እሑድ ወዳሸነፈው ቤት ይምጣ፣ ሰሌዳውም ይቅረብ ብለው። ከሁለት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ፊት ለፊት ሊተያዩ የቀራቸው ያ ጨዋታ ነው። ማን ይጠብቅዎታል ብዬ አንዳቸውን ብጠይቅ ኖሮ ሁሉንም ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅሁም። የዕቃዬን ክብር እየጠበቅሁ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። «ከእኛ በኩል ምንም የለም» ስል በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ። ስልኩን እስክዘጋ ጠበቁ።

«ለስንት ሰው ነው እንደዚህ ያልከው?»

«እኔ እንጃ። ብዙ ነው።»

«ሁሉም ጋ ደውል።»

«ዋሽቼ ነበር ልበላቸው?»

«ሌላ ምን ልትላቸው ነው? ጨዋታው ቆሟል፣ ለምን እንደቆመ አናውቅም፣ መቼ እንደሚመለስ አናውቅም፣ በየሰዓቱ እንነግራችኋለን። የጠፋ ተጋጣሚ የለም። ይኸው ነው፣ ጻፈው።» ብሩክ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ «እትዬ፣ አናውቅም ብለን እንዴት…» ሲል «አታውቅማ!» አሉት። ተመልሶ አቀረቀረ።

ደወልኩ። እዚህ ላይ ሌላ ግራ ነገር ገጠመኝ። ሠላሳ ዓመት ዋሽቼ የማያምነኝ አልነበረም፤ እውነት በተናገርኩበት ቀን የሚያምነኝ ጠፋ። ባለ ጸጉር ቤቷ «ባሌ ነው አይደል ደውልላት ያለህ?» አለችኝ። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ፣

«ቅድም ደህና ነው አላልከኝም?»

«ዋሽቼዎት ነው ጋሼ።»

«አሁንስ አለመዋሸትህን በምን አውቃለሁ? ሰዒድ አማላጅ አድርጎ ልኮህ ነው። ነግረኸኝ የለ፣ እሱ ያውቃል ብለህ!» ዘጉብኝ።

የሐጂ ስልክ ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። እትዬ አስካለ አዩኝና «ስልክ የዘጋ ሰው ዘንድ በእግር ይኬዳል» አሉ።

እሑድ በጠዋት የካ አባዶ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታቸው የሆነች ሴት ብቅ አለች።

«ሐጂን ነው? ቅድም ሄዱ እኮ። ልጃቸው በመኪና መጥታ።»

«ወዴት ነው የሄዱት?»

«ኮምቦልቻ፣ ጠቅልለው። ጉዞው ለሰኞ ነበር። ዛሬ እንግዳ ይመጣል ብለው ትናንት ጠዋት ቤቱን ሲያስጠርጉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አይመጣም አሉ። የሚመጣ ከሌለ ምን ያስቀምጠኛል ብለው ሄዱ።» ወደ ውስጥ ገብታ ሰሌዳውን ይዛ ተመለሰች፣ ቆርኪዎቹ በፌስታል ታስረዋል። «ዳማ የሚጠይቅ ሽማግሌ ከመጣ ስጪው ብለውኝ ነበር። እርስዎ ነዎት?»

ምን ልበላት? «አይደለሁም፤ ግን ወደሱ ነኝ» አልኩና ተቀበልኳት።

ከየካ አባዶ ጀሞ ማለት ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ መቁረጥ ነው። ሦስት ታክሲ ተሳፈርኩ። ሁለቱ ላይ ረዳቱ «ይሄ ሳንቃ የሰው ቦታ ይዟል» ብሎ ተጨቃጨቀኝ። ሰሌዳውን ጭኔ ላይ አጋድሜ ሳየው «የወንድና የሴት ጫማ» የሚለው ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጫማ ሻጩ መጣህ? ዛሬስ የማን እግር ነው ያበጠው?»

 ሰሌዳውን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሐጂ መሄዳቸውን፣ ቤት አስጠርገው መጠበቃቸውን፣ እኔ ለሁለቱም ያልኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆርኪዎቹን ከፌስታሉ እያወጡ አንዳንዱን በፊቱ፣ አንዳንዱን በጀርባው፣ ቅዳሜ የቆመበት ላይ ይደረድሩ ነበር። ሳያመነቱ። መዝገብ ቤት አይደሉ?

ለሐጂ ደወልኩ። በሦስተኛው አነሱ።

«ደብረ ብርሃን ነን፣ ምሳ ላይ» አሉ።

«ሐጂ፣ የማውቀውን ልንገርዎት። ትናንት ጋሽ መኩሪያ የትም አልሄዱም። የተበላሸው ጨዋታው ነበር፤ ደህና ነው ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። የማላውቀው ደግሞ ይቅር ይሉኝ እንደሆነ ነው።»

 የምሳ ቤቱ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል። «ከድር» አሉ በመጨረሻ፣ «መኪናው እኮ ተጭኗል።»

«አውቃለሁ ሐጂ።»

«ልጅቱም የነገውን ፈቃዷን ትታ ሥራ ገቢ ናት።»

ስልኩን ለጋሽ መኩሪያ አቀበልኳቸው። ያዙት፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰዒድ።»

«መኩሪያ።»

«ተራው ያንተ ነበር።»

ከወዲያ ማዶ ያለው ጩኸት እኔ ድረስ ተሰማ። «የማን? የኔ? ያንተ ነው እንጂ! ጥጉን ይዤ አልነበር?»

«ጥጉንማ እኔ ነኝ የያዝኩት፣ ይኸው ፊቴ ላይ አለ!»

«አጭበርብረህ ደርድረኸዋላ!»

እኔ ደረጃውን ወርጄ ግቢው በር ስደርስ ገና አልጨረሱም ነበር። ስልኬን ሳልቀበል ነው የወጣሁት።

ጨዋታው በዚያው ቀን ከሰዓት ተመለሰ። በመሃል የነበሩ ጨዋታዎች ግን ጠፉ። ብሩክን ለብቻው ይዤ ተራው የማን እንደነበር ጠየቅሁት። ቀኑን ሙሉ ፈልጎ «ጋሽ ከድር፣ ሁለቱም ጋ ሌላውን ጠብቅ ነው የሚለው» አለኝ። ማክሰኞ እትዬ አስካለና እኔ ያንን ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ በነገርኳችሁ አስለወጥን። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን እኔ ጨመርኩ።

ሐጂ ከኮምቦልቻ አልተመለሱም፤ ጉልበታቸው መንገድ አይችልም። ጋሽ መኩሪያም ኮምቦልቻ ለመሄድ ከዓመት ዓመት ያስባሉ። አሁን ይደዋወላሉ። ሰሌዳው ጀሞ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እንደተደረደረ አለ፤ ሐጂ «እንዳለ አስቀምጠው፣ መጥቼ አይሃለሁ» ስላሉ። ጋሽ መኩሪያ ቆርኪዎቹን ሳይነኩ ዙሪያቸውን በጨርቅ ጫፍ ይወለውላሉ። እሱ ሳያልቅ ከሐጂ ጋር ሌላ ጨዋታ አልጀምርም ብለዋል። ስለዚህ በስልኩ ከሐጂ ጋር የምጫወተው እኔ ነኝ። በጻፍኳቸው ለከፋዎች እየመረጡ ይለክፉኛል።

ያቺ የመሥሪያ ቤቱ ልጅ በቃሏ አሥር ሰዓት ላይ ደወለች። አንድም ደቂቃ አላለፈ።

«አባባ፣ ገና ነው። እደውላለሁ ስላልኩ ነው የደወልኩት።»

«ተባረኪ» አልኳት።

ትዘጋለች ብዬ ስጠብቅ አልዘጋችም። «አባባ… ለመሆኑ ማን ነው የሚጠብቅዎት?»

ማን እንዳስተማራት አላውቅም። የእትዬ አስካለ ጠረጴዛ ተሰጥቷት ይሆናል፣ ወረቀቶቹ እዚያው ቀርተው። ወይም ገና ከቤቷ ይዛው የመጣችው ይሆናል።

«ኮምቦልቻ ያሉ ሽማግሌ ናቸው» አልኳት። «ቁጥራቸውን ልስጥሽ፣ ደውለሽ ከድር አልሄደም በያቸው።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ተራው የእሳቸው ነው በያቸው።»